ቅኔ ቤት ያደገ ልጅ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ ተመራማሪ ለመሆን ምን ያንሰዋል?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። አሁን 43 መልስ ደርሷል። መካከል ላይ የገቡ ሰዎች ከየት እንጀምር እያሉ በውስጥ መስመር ስለጠየቁኝ፣ ማን ምን እንዳለ ቁጥሩን እየጠራሁ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው።

መጀመሪያ መክፈቻዬ። እኔ ደብረ ማርቆስ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። የእህቴ ልጅ ገና በአሥር ዓመቱ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከቤት ወጣ። ከውሻ ጋር እየታገለ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ለምኖ እየበላ፣ ዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ ከየኔታው እግር ሥር ሰባት ዓመት ተቀመጠ። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ቤት እየሞላ እስከ መወድስ ደረሰ፤ ግሱንም አገባቡንም ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ነው እኔ ዘንድ መጥቶ በማታ ክፍል የአስኳላውን ትምህርት የጀመረው። 12ኛ ክፍልን አልፎ በታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪውን ያዘ። ለሁለተኛ ዲግሪው ያቀረበው ርዕስ በምሥራቅ ጎጃም አድባራት ወንጌሎች ውስጥ፣ በኅዳግና በባዶ ገጽ ላይ ስለተጻፉ የ15ኛው መቶ ዘመን የመሬት ስጦታ ማስታወሻዎች ነበር። ለዚህ ርዕስ አማካሪ አይገኝም፣ ሥራም አያስገኝም፣ ይልቅ በጣልያን ጊዜ ስለነበሩ አርበኞች ወይም ስለ አንድ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ጻፍ ተባለ። የተቋሙን ስም አልጠራሁም፣ አልጠራምም።

ልጁ ርዕሱን ከመሬት ተነስቶ አላመጣውም። አምና ከጥምቀት በኋላ አብሬው አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። ቄሰ ገበዙ ወንጌሉን ከማኅደሩ አውጥተው፣ ነጠላቸውን አጥፈው በላዩ አስቀመጡልን። በማርቆስና በሉቃስ መካከል ባለው ባዶ ገጽ ላይ ቀለሙ የደበዘዘ ስድስት መስመር ጽሑፍ አለ። ለእኔ የጉንዳን ሠልፍ ነው የመሰለኝ። ልጁ ግን ብራናውን ሳይነካ ጣቱን በአየር ላይ እያስኬደ፣ ሰው የራሱን ደብዳቤ እንደሚያነብ አነበበው። መሬት ለቤተ ክርስቲያኑ መሰጠቱን ይናገራል። የንጉሡን ስም አይጠራም። የሚደፍረውን ይገዝታል። መጨረሻው ላይ ፹፯ ዓመተ ምሕረት ይላል። ቄሰ ገበዙ ዕድሜያቸውን ሙሉ መጽሐፉን ሲጠብቁ ያ ገጽ ምን እንደሚል የሰሙት ያን ዕለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ደግመህ አንብብልኝ አሉት።

እንግዲህ ጥያቄዬ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ገድልና የኅዳግ ማስታወሻ እያነበቡ ትልቅ የታሪክ ምሁር የሆኑበትን መንገድ ዛሬ አንድ የጎጃም ቅኔ ተማሪ ሊሄድበት ይችላል ወይ የሚል ነበር። አስከትዬም ከዋሸራ እስከ ጎንጅ፣ ከዲማ እስከ ደብረ ኤልያስ ግዕዝን ጠንቅቀው የሚያውቁ ልጆች ሞልተው ሳለ የመካከለኛው ዘመን ተመራማሪ ጠፋ የሚባለው መንገዱ ስለተዘጋ እንጂ ሰው ስለታጣ አይደለም አልኩ። አሁንም እላለሁ።

1ኛው መልስ ከባሕር ዳር አንድ ካህን የጻፉት ነው። ልጁን መረቁት፤ ከእሳቸው ጋር ቅኔ ከተቀኙት መካከል አብዛኞቹ ዛሬ ሹፌርና ነጋዴ መሆናቸውን፣ ግዕዙ ግን ከአፋቸው አለመጥፋቱን በሐዘን አወሩ።

2ኛው የሁለተኛ ዲግሪ ምሩቅ ነው፤ ትሕትና ባለው አነጋገር ልጁን ርዕሱን ለውጥ ካሉት ጎን ቆመ። እሱ ራሱ የጻፈው ስለ አንድ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ነው። መዝገቡ አለ፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት አሉ፣ በሁለት ዓመት ይጠናቀቃል። የመካከለኛውን ዘመን የመረጠ ጓደኛው ግን ለአንድ ገድል ብቻ ሦስት ገዳም ተመላልሶ፣ መጽሐፉን የሚያሳየው አጥቶ ትምህርቱን አቋርጧል። ልጆች የሚያሳድግ ሰው ይህን ማሰብ አለበት አለ። ቅር ቢለኝም እውነቱን ነው።

3ኛው ታደሰ ታምራት ማን ናቸው ብሎ ጠየቀ። አንዳንዱ ሊያፍርበት የሚችል ጥያቄ ነው፤ እኔ ግን ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም 4ኛውን መልስ አመጣልን።

4ኛዋ ጸሐፊ የዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህርት ነች፤ ረጅም ጽፋለች። ፕሮፌሰር ታደሰ በ1935 ተወልደው በ2013 አረፉ። በ1968 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት ዶክትሬታቸውን ያዙ። ያው ጥናት በ1972 ኦክስፎርድ ላይ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ በቤተ ክርስቲያንና በመንግሥት ግንኙነት ዙሪያ ከ1270 እስከ 1527፣ ማለትም ከዓፄ ይኩኖ አምላክ መነሣት እስከ ኢማም አሕመድ ጦርነት ዋዜማ ያለውን ዘመን ይሸፍናል። የትልቅነታቸውን ምክንያት ስታስረዳ ግን ከዲግሪው ይልቅ ስለ አነባበባቸው ነው የጻፈችው። ሌላው ሰው ገድልን ለተአምሩ ያነብበዋል፤ ተአምሩን የማይቀበል ደግሞ ተረት ነው ብሎ ይዘጋዋል። እሳቸው ጻድቁ ከየት ተነስቶ በየት በኩል አለፈ፣ ማን መሬት ሰጠው፣ ከየትኛው ንጉሥ ጋር ተጣላ፣ ደቀ መዛሙርቱ የት ገዳም ተከሉ እያሉ ገድሉን መረመሩት። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1248 ከመሠረቱት ከሐይቅ እስጢፋኖስ ጀምሮ እስከ 1535 የነበሩትን የሐይቅ አበምኔቶች ለብቻው በአንድ ጥናት አስቀምጠዋል። የእህቴ ልጅ ያነበበው ዓይነት የወንጌል ማስታወሻም ለእሳቸው ዋና ምንጭ እንደነበረ ጨምራ ነገረችን።

5ኛው በ1972 ታተመ የሚለውን በእኛ አቆጣጠር ወስዶ መጽሐፉ በደርግ ዘመን የወጣ ነው፣ ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በነፃነት ሊጻፍ አይችልም ነበር ብሎ ብዙ ሐተታ ጻፈ። 6ኛው በአንድ መስመር አረመው፤ እ.ኤ.አ. 1972 በእኛ 1964 እና 1965 ነው፣ ንጉሡ ገና አልወረዱም። 5ኛው ስሕተቱን ተቀበለ። መምህርቷም ሆነች ከ19ኛው እስከ 28ኛው ያሉት ጸሐፊዎች የጠቀሷቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን እዚህም ልብ በሉልኝ። ከ7ኛው እስከ 9ኛው ምስጋናና መጽሐፉ የት ይገኛል የሚል ጥያቄ ነው።

10ኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። ከእንጅባራ የሚጽፍ፣ የአገው ቋንቋ የሆነው አውኚ የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ነው። ታሪክ ከቤተ መንግሥትና ከመቅደስ ደጃፍ ብቻ እየታየ እስከ መቼ ይጻፋል ሲል በብርቱ ተናገረ። አገው በእነዚያ ገድሎች ውስጥ የሚገባው ሊጠመቅ ወይም ሊቀጣ ነው፤ ራሱ የተናገረው አንድ መስመር የለም። ቅኔ ቤት ቅኔ ቤት የምትሉ ሰዎች የእኛን አያቶች በሌላ ሰው ዓይን ልታዩዋቸው ነው አለ።

11ኛዋ ያችው መምህርት ናት። ወቀሳው ክብደት እንዳለው ተቀብላ፣ ፕሮፌሰር ታደሰ ራሳቸው ይህን ክፍተት እንዳወቁት አሳየች፤ በ1988 በአፍሪካ ታሪክ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት የአገው ሕዝብ ከሌላው ጋር ስለ ተቀላቀለበትና ስለ ተዋሐደበት ሂደት ነው። ስለ ጎጃምና ወለጋ ጉሙዞችም ጽፈዋል። ደገኛው ብቻ ነበር የሚታያቸው ማለት ትክክል አይደለም አለች።

12ኛው የእንጅባራው ሰው ነው፤ አመስግኖ ለዘብ አለ፣ ነገሩን ግን አልተወም። የጎጃምን መካከለኛ ዘመን የሚያጠና ሰው ግዕዝ ብቻ ይዞ ቢነሳ ግማሹን ይስታል፤ የወንዙና የተራራው ስም አውኚ ነው፣ በግዕዙ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው የቦታ ስም የተጣመመ የሚመስለው ጸሐፊው የማያውቀውን ቋንቋ በሰማው ልክ ስለጻፈው ነው አለ። ይህ በክሩ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ መልስ ነው። ለልጁ በዚያው ምሽት አነበብኩለት፤ በማስታወሻው ውስጥ ትርጉሙ ያልገባውን የመሬት ስም በወረቀት ጽፎ ለሰውየው ላከለት።

ከ13ኛው እስከ 18ኛው የዳሞት ጠብ ነው። 13ኛው የዓፄ ዓምደ ጽዮንን የዳሞት ዘመቻ አንስቶ ንጉሡ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ድረስ ወርደው ተዋጉ አለ። 14ኛው የመካከለኛው ዘመን ዳሞት ከዓባይ ወዲያ፣ በደቡብ ያለ አገር እንደነበረ ገለጸ፤ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ላይ የሚጠራው ሞተለሚም የዚያ የዳሞት ገዢ ነው፣ ስሙ ወደ ጎጃም የተሻገረው በ16ኛው መቶ ዘመን የኦሮሞ መስፋፋት ጊዜ ሕዝቡ ዓባይን ተሻግሮ ሲሰፍር ነው። 15ኛው፣ ያው የመጀመሪያው ሰው፣ ተቆጣ፤ የዳሞት ተወላጅ ነኝ፣ አገሬን አንተ አትነግረኝም አለ፤ የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራንም የጎጃም ታሪክ ምስክር ጠራ። 16ኛው በእርጋታ መለሰለት። አለቃ ተክለ ኢየሱስ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ጎጃም ውስጥ ያደጉ፣ ትውልዳቸው ግን ከዓባይ ማዶ ከኦሮሞ ወገን የሆነ ሠዓሊና ሊቅ ናቸው፤ ሥራቸው ለጎጃም ትውልድ ቆጠራና ለቅርቡ ዘመን ወደር የለውም። ለ14ኛው መቶ ዘመን ግን ከድርጊቱ ስድስት መቶ ዓመት ቆይቶ የተጻፈ ነው፤ ክብሩን ሳይነኩ ዕድሜውን ማወቅ ያስፈልጋል። 17ኛው የ15ኛውን ንዴት ነክቶ ስለ ዘር አንድ አስቀያሚ ነገር ተናገረ፤ የመድረኩ ኃላፊ አነሳው። 18ኛው ስድቡ መነሳቱን ያመሰገነ ነው።

19ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን። ታደሰ ታምራትን ብቻ ለምን ታያላችሁ፣ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን መንገድም ተመልከቱ አለ። በ1931 ሸንኮራ ተወልደው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተነስተው፣ በካይሮ አልፈው፣ በ1962 ጀርመን ቱቢንገን ላይ ዶክተር ሆኑ። በ1975 የደርግ ወታደሮች ቤታቸው መጥተው ተኩሰውባቸው እግሮቻቸው ከዷቸው። በዓመቱ አሜሪካ ሚኒሶታ ገብተው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም እያነበቡ ማውጫ ሲያዘጋጁ ዕድሜያቸውን አሳለፉ፤ በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው፣ በ2021 አረፉ። የእሳቸው ሥራ ባይኖር ዛሬ በየገዳሙ ምን እንዳለ የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነበር። ጸሐፊው የተቸገረ ሰው ሥራውን አይተውም ለማለት ነው ያነሳቸው። እኔ ሌላም ነገር አየሁበት፤ ሰውየው ያወቁትን ግዕዝ ማንም ሊቀማቸው አልቻለም።

20ኛው ግዕዝ ብቻውን እንደማይበቃ አስጠነቀቀ። የዓፄ ዘርዐ ያዕቆብን ዜና መዋዕል በ1893 ያሳተመው ፈረንሳዊው ፔሩሾን ነው፤ መቅድሙና ትርጉሙ በፈረንሳይኛ ነው። የጣልያናውያኑ ተመራማሪዎች የኮንቲ ሮሲኒና የቼሩሊ ሥራዎች በጣልያንኛ ናቸው። የሙስሊም መንግሥታቱን የይፋትንና የአዳልን ወገን ለማወቅ ዓረብኛ የግድ ነው። አንድ የቅኔ ተማሪ እነዚህን በሃያ አምስት ዓመቱ ከየት ይጀምር? ከባድ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ግን መወድስ መቀኘት የቻለ ራስ የጣልያንኛን ግስ ማርባት አያቅተውም ብዬ ራሴ ጻፍኩ። እሱ 21ኛው ነው፤ ከዚህ ሌላ በክሩ መካከል አልገባሁም።

22ኛው የጣናን ደሴቶች መጻሕፍት አመጣ። ጀርመናዊው ሐመርሽሚት በ1968 ደሴቶቹ ላይ ወጥቶ ብራናዎቹን ፎቶ አንስቷል፤ በሚኒሶታ የሚገኘው ስብስብም ከ1973 ጀምሮ በአዲስ አበባ የተነሱ ከ8,000 በላይ መጻሕፍትን ይዟል፣ ብዙው ዛሬ በኢንተርኔት ይነበባል። ስለዚህ ገዳም ያልተፈቀደለት ተማሪ በስልኩ መጀመር ይችላል። ይህን ያህል ጠቃሚ ነገር ተናግሮ ሳለ፣ ዳጋ እስጢፋኖስን የጎጃም ገዳም ብሎ በመጥራቱ 23ኛው፣ 24ኛውና 25ኛው ዳጋ የጎንደር ነው የጎጃም ነው በሚል ተያያዙ። ክብራን ገብርኤል ለባሕር ዳር ይቀርባል፣ ዳጋ ወደ መካከል ነው፣ ጣና ራሱ የማን ነው እያሉ ግማሽ ቀን ሄዱ። ዓፄ ዳዊትና ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዐፅማቸው ያረፈበት ቦታ ላይ የአውራጃ ክርክር ሳነብ ደከመኝ።

26ኛው የዘርዐ ያዕቆብ ስም ሲነሳ ደቂቀ እስጢፋኖስን አነሳ። ንጉሡ እነዚያን መነኮሳት ያሠቃዩበትን ታሪክ ጽፎ፣ ለነገሥታት ያደላ የታሪክ ምሁር ምሁር አይደለም አለ። 27ኛዋ አንዲት እናት ናቸው፤ ስለ ጻድቅ ንጉሥ እንዲህ መናገር ነውር ነው፣ ተአምረ ማርያምን ያነበበ ሰው ይህን አይልም አሉ። 26ኛው መለሰላቸው፣ አነጋገሩ ግን ለእናት የሚገባ አልነበረም። 28ኛው መካከል ገብቶ ፕሮፌሰር ታደሰ በ1966 ስለ ደቂቀ እስጢፋኖስ መጻፋቸውን፣ ፕሮፌሰር ጌታቸውም ገድላቸውን ወደ አማርኛ መመለሳቸውን አስታወሰ። ሁለቱም ምሁራን የቤተ ክርስቲያኒቱ ልጆች ነበሩ፤ የተጨቆነውን ወገን ገድል ሳይፈሩ አነበቡ፣ ንጉሡንም ሳይሳደቡ ጻፉ አለ። እናታችን ልጄ ተባረክ ብለው ወጡ።

29ኛው ከጉዳዩ ውጭ ነው፤ ዋሸራ አብሮት ቅኔ የተማረ፣ በአንድ ዳቦ ሁለት ቀን የዋለ ጓደኛውን የሚፈልግ ሰው ነው። እስካሁን አላገኘውም፤ የምታውቁ ጻፉለት።

30ኛው ደግሞ ጠቃሚ ተግሣጽ ሰጠኝ። መክፈቻዬ ላይ የቤተ ክርስቲያኑን ስም ከነፎቶው አውጥቼ ነበር። ጥንታዊ ወንጌል እዚህ አለ ብሎ ለሌባ መንገር ነው፣ ቶሎ አንሳ አለኝ። በዚያው ሰዓት አነሳሁ። ቄሰ ገበዙ አምነው ባወጡት መጽሐፍ ላይ ይህን ማድረጌ አሁንም ይቆረቁረኛል።

31ኛው በጣም ስለታም ነው፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። የማስታወሻው ቀንና ማስታወሻው የተጻፈበት ቀን አንድ ነው ያለህ ማን ነው ብሎ ጀመረ። ገዳማት በመሬት ሲካሰሱ የድሮ ንጉሥ ሰጠን የሚል ጽሑፍ ኋላ ያስገቡ ነበር፤ አሮጌ መጽሐፍ ሲያልቅም ማስታወሻው ወደ አዲሱ ይገለበጣል። የፊደሉ መልክ ሳይመረመር 15ኛው መቶ ዘመን ማለት የአጎት ፍቅር ነው እንጂ ታሪክ አይደለም አለ። ቃሉ ጎዳኝ፤ ነገሩ ግን አማካሪ ሊሰጠው ይገባ የነበረው ምክር ነው። ልጁ ርዕስ ለውጥ ተባለ እንጂ ይህን የነገረው ሰው አልነበረም።

32ኛው 87 ዓ.ም. ከሆነ ክርስትና ኢትዮጵያ ሳይገባ የተጻፈ ነው ወይ ሲል ጠየቀ። 33ኛው በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የዘመን ቀመር፣ አብራራው። የድሮው ዓመተ ምሕረት ዛሬ ከምንጠቀምበት ጋር ስሙ አንድ ይሁን እንጂ አቆጣጠሩ ሌላ ነው፤ በ532 ዓመት እየዞረ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። 19ን በ28 ብታባዙ የሚመጣው ነው፣ የጨረቃና የፀሐይ ዑደት የሚገጥምበት። በመካከለኛው ዘመን ያለው ዑደት በእኛ ከ1340 በኋላ ይጀምራል፤ ስለዚህ 87ኛው ዓመት 1427 ዓ.ም. ነው፣ እ.ኤ.አ. 1434 እና 1435። ዘርዐ ያዕቆብ በዙፋን ተቀምጠዋል ማለት ነው። 34ኛው ዑደቱን የሳተ ሰው መጽሐፍን በ532 ዓመት ያስረጃል ወይም ወጣት ያደርጋል ብሎ ጨመረ።

35ኛው መርዙን ተፋ። ዘመድ ዘመዱን እየካበ መድረኩን ያጨናንቃል፣ ልጁም ያላነበበውን አነበብኩ ይላል አለ። 36ኛዋ ዝም አላሰኘችውም፤ ሌላ ነገር ግን ተናገረች። ከመክፈቻው ጀምሮ ልጁ፣ ተማሪው፣ እሱ ስትሉ ሴት ልጅ አንዴም አልተነሳችም፤ ጎጃም ውስጥ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ ነግረው ወንዶቹን ሊቃውንት ማፍራታቸውን ረሳችሁት ወይ? ልክ ነች፤ እኔም ረስቼው ነበር።

37ኛውን ስከፍት የጻፈው የእህቴ ልጅ ሆኖ አገኘሁት። ክሩን እንደሚከታተል አልነገረኝም። ለ35ኛው አንድም ቃል አልመለሰም። ለ31ኛው ግን አመሰገነና፣ የማስታወሻው የእጅ ጽሕፈት ከወንጌሉ የእጅ ጽሕፈት እንደሚለይ፣ የትኛው እንደሚቀድም ግን ገና እንዳልወሰነ ገለጸ። ከዚያ ራሱን አረመ። ባለፈው ሳምንት ለብቻው ተመልሶ ሄዶ፣ ቄሰ ገበዙን አስፈቅዶ መጽሐፉን ደጀ ሰላሙ ላይ በፀሐይ አይቶታል። ያን ቀን በጨለማው ዕቃ ቤት ፹፯ ብሎ ያነበበው ፹፮ ነው። የ፯ አናት የመሰለው ከወዲያኛው ገጽ ያለፈ ቀለም ነበር። ስለዚህ ዓመቱ 1426 ነው፤ ዘርዐ ያዕቆብ የነገሡት ደግሞ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። ስጦታው ከሰኔ በፊት ከሆነ የሰጠው ሌላ ንጉሥ ነው።

ያን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በአንዲት ፊደል አናት ምክንያት ንጉሥ ሲለወጥ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተሳስቼ ነበር ብሎ የሚጽፍ ልጅ ነው ርዕሱን ተው የተባለው።

38ኛው የ31ኛው ሰው ነው። አነጋገሩ ፍጹም ተለወጠ። ከዓፄ ይስሐቅ ሞት እስከ ዘርዐ ያዕቆብ ባሉት ጥቂት ዓመታት ነገሥታቱ ቶሎ ቶሎ መፈራረቃቸውን፣ ገና ልጅ ሆነው የነገሡም እንዳሉባቸው ጻፈ፤ ፕሮፌሰር ታደሰም በ15ኛው መቶ ዘመን የነበረውን የዙፋን ውርስ ችግር ለብቻው እንዳጠኑት ጠቆመ። የንጉሡ ስም አለመጠራቱ ምናልባት ከዚያ መናወጥ ጋር ይያያዝ እንደሆን ይመርመር፣ ከመመርመሩ በፊት ግን አይጻፍ አለ። የልጁንም ረቂቅ ላነብ ፈቃደኛ ነኝ ብሎ አድራሻውን በውስጥ መስመር ሰጠው።

39ኛው የ2ኛው ሰው ነው፣ ማዘጋጃ ቤቱን ያጠናው። ሐሳቡን አልለወጠም፤ ልጁ መተዳደሪያ ይዞ፣ ክፍል እያስተማረ፣ ጥናቱን በጎን ይያዘው አለ። 40ኛው የእንጅባራው ሰው የላክንለትን የመሬት ስም አባቱን ጠይቆ ነበር፤ በአውኚ ትርጉም እንዳለው፣ እርግጠኛ ለመሆን ግን ቦታውን ማየት እንደሚሻ ነገረን። 41ኛው 5ኛው ሲሆን የዓመት አቆጣጠር ማስሊያ ሠርቶ ለጠፈ። 42ኛው ዳጋ የጎንደር ነው ብሎ እንደገና ጀመረ፤ ማንም አልመለሰለትም።

43ኛው ዛሬ ጠዋት ገባ። ጸሐፊው ዲያቆን ነው፣ መልእክቱ ግን የልጁ የየኔታ ነው። የኔታ ስልክ የላቸውም፤ ክሩን ዲያቆኑ ከጉባኤ በኋላ እያነበበላቸው ኖሯል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ስጦታውን የሚናገረው ግስ መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ተ ናት ወይስ ት? ተ ከሆነች ጐለተ ነው፤ ሌላ ሰው ንጉሡ ሰጠ ብሎ የጻፈው ነው። ት ከሆነች ግን ጐለትኩ ነበር፣ ገጹ ሲከረከም ኩ ተቆርጣለች፤ ሰጪው ራሱ እየተናገረ ነው። ልጁ ያነሳውን ፎቶ አጉልተን አየነው፤ ጠርዙ ላይ ጥላ አርፎበት አይለይም።

ቄሰ ገበዙን በስልክ አግኝተናቸዋል። ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ መጽሐፉን ያወጡልናል። ከደብረ ማርቆስ በመጀመሪያው መኪና እንነሳለን፤ የእንጅባራው ወንድማችንም ማታውን ደርሶ እኔ ቤት ያድራል።